ተደጋግማ ስለተገኘችው አንዲት መስመር

ለኮሌጃችን የመመረቂያ ሥራ ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለክቡር መምህር ደረጄ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የከተማችን ብርድ ወገብዎን ሳይነካ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ይህች ጦማር እንድትደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ያልተመረቀ ሰው ደኅና ሊሆን የሚችለውን ያህል።

ሥራዬን ስላላነበቡት ላስታውስዎ። ለሐሙሲት ከተማ ተማሪዎች ያሰብኩት፣ በአማርኛ ትእዛዝ የሚጻፍ ትንሽ የኮምፒውተር ቋንቋ ነበር። ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ትእዛዝ በታትኖ ዛፍ ያደርገዋል፤ ቁጥሩም፣ ድምሩም፣ «ከሆነ» የሚለውም እያንዳንዳቸው አንድ ቅርንጫፍ ናቸው። ከዚያ ጎብኚ የምንለው ኮድ በየቅርንጫፉ ይዞራል፤ አንዱ ጎብኚ ያሰላል፣ ሌላው ስሕተት ይፈልጋል። ከቅርንጫፉ የሚጠበቀው ጎብኚውን «ይግቡ፣ እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ መቀበል ብቻ ስለሆነ፣ ይህች አንዲት መስመር በሁሉም ላይ ትጻፋለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ያችን መስመር በየቅርንጫፉ ስላገኟት «አንድ ነገር ደጋግሞ የጻፈ ወይ ኮርጇል፣ ወይ ገጽ ሞልቷል» ብለው በተማሪው ሁሉ ፊት ስለፈረዱብኝ አመሰግናለሁ። ባደግኩበት በጉና ተራራ ሥር የነፍስ አባታችን ጸበል ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ ሁሉም ቤት «ይግቡ አባ» ይላል። ከገቡ በኋላ አራስ ያለችበትን ቤት ይረጫሉ፣ በሽተኛ ላለበት ይጸልያሉ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ካገኙም ያስታርቃሉ። እትዬ አሰለፈች «ይግቡ» ያሉት ከጎረቤታቸው ከእትዬ ጥሩወርቅ ኮርጀው ነው ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ምናልባት መንደራችን ገምጋሚ ኮሚቴ ስለሌላት ይሆናል።

፪. የተደጋገመውን አጥፍቼ እንድመለስ ስላዘዙኝ። አማካሪዬ መምህር ዘውገ «እንዳትነኪው» ብለው በጆሮዬ ነግረውኝ ነበር፤ እርስዎ ሲጠይቋቸው ግን ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አልፈርድባቸውም፣ ልጆች አሏቸው። አጠፋሁት።

፫. ጎብኚው ደጅ ቆሞ ቀርቶ ስክሪኑ ባዶ ሲሆን «ፕሮግራሟ አይሠራም» ብለው ስለጣሉኝ። ይህኛው ፍርድ እንኳ ትክክል ነው፤ እውነትም አይሠራም።

ይግባኝ ልል አስቤ ነበር። ይግባኝ ሰሚውም እርስዎ መሆንዎን ሲነግሩኝ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብዬ ተውኩት። አባቴ ለምርቃቴ ሲቀልቡት የነበረውን በግ ባለፈው ገበያ ነድተው ሸጡት። ያ በግ ከፍርድዎ ይልቅ አስለቅሶኛል።

ለዕውቀትዎ ርዝመት፣ ለትእዛዝዎ ግልጽነት፣ ሳያነቡ መረዳትን ለታደለው ዓይንዎ እጅ እየነሣሁ፣ በጥላዎ ሥር ተተክላ የደረቀችው አክባሪዎ፣

ብርቱካን አለሙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታናሽ እህቴ መሠረት ዘንድሮ በእርስዎ ትምህርት ክፍል ተመድባለች። የገባት ነገር ቢኖር እንኳ እንዳታሳይ መክሬያታለሁና በእርሷ አይቸገሩም።