ሀምዳን የተረጎመው ፊልም

ለውድ ወንድሜ ለሀምዳን፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህልኝ? ወገብህስ ተሻለህ? ሙቀቱ ቀነስ አለላችሁ ወይስ የመኪናው መሪ አሁንም እጅህን ያቃጥለዋል? ምግብህንስ በሰዓቱ ትበላለህ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ሌላ ምንም አትል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ በሽታም አይደለም። ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ለዚያ ነው።

በስልክ እንዳልነግርህ እማ ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኛለች፤ አንተም «ሙሽሪት» እያልክ ትስቅብኛለህ። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ሱረያ ወደ ሻርጃ ስትመለስ ይህን በእጇ ሰድጄልሃለሁ። እባክህ ከጁምዓ በፊት አንብበው።

አባታችን ስለሌለ የምትድረኝ ወሊዬ አንተ ነህ። ሊያገባኝ የጠየቀህ ጓደኛህ አብዱልመናንም እዚያው አጠገብህ ነው። ጁምዓ ለት ኒካሁን ልታስሩ፣ እኔም ቢሮዬን ዘግቼ ልመጣ ተስማምታችኋል። እማ ሻንጣ ገዝታለች። ታናሿ እህትህ ኢቲሳም አልጋዬን ከአሁኑ ወርሳ፣ ጫፉ ላይ እንኳ ስቀመጥ ፊቷን ታጠቁርብኛለች። እኔም እሺ ብዬ ነበር። አሁን ስለ ፊልም ላወራህ ነውና አደራህን አትሳቅ።

ጁማ ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዘህ ፊልም የምትተረጉምበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዴኩ የካራቴውን ካሴት በልቶት፣ ሰው ገንዘባችንን መልሱ ብሎ ሲንጫጫ፣ ባለቤቱ ጁማ ማንም የማይፈልገውን የጥቁርና ነጭ ካሴት ከጥግ አንስቶ ከተተው። በትንሽ ገንዘብ የተሠራ፣ ስለ ግድያ ክስ የሚያወራ የድሃ ፊልም ነበር። የሟቹ ሳሎንና የጠበቃዋ ቢሮ አንድ ክፍል ነው፤ መጋረጃውን ብቻ ነው የለወጡት። ዳኛው መዶሻውን ሲመታ ግድግዳው ይወዛወዛል። ሬሳው ሲተነፍስ ያየ አንዱ፣ ሰውዬው አልሞተም ክሱ ይዘጋ ብሎ ቤቱን በሳቅ አናወጠው።

ያቺ ባርኔጣዋን ዘንበል አድርጋ የምትደፋዋ ጠበቃ ስትነሳ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ጌታውን ገድሏል ተብሎ ለታሰረ አትክልተኛ ነበር የቆመችው። የሟቹ ወንድም ተኩስ ሰምቼ በዝናብ እየሮጥኩ መጣሁ ብሎ ሲመሰክር፣ ታዲያ ኮፍያህ እንዴት ደረቅ ሆነ ብላ አፋጠጠችው። ገዳዩ እሱ ነበር። ካሸነፈች በኋላ አቃቤ ሕጉ ቢሮዋ መጥቶ እጇን ይዞ ሲለማመጣት፣ አንተ በማይኩ፣ ዘመዱ ተከሶበት ጥብቅና እንድትቆምለት ነው አልክ። ታፔላዋ ከበሩ ሲነቀልም፣ ትልቅ ቢሮ ልትገባ ነው፣ ስሟን ይዛው ትሄዳለች አልክ። ሰው አጨበጨበ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ አላገባችም እንዴ ብዬ ብጠይቅህ፣ ምን አስቸኮላት አልከኝ። ለሰው ሁሉ ሌላ ምክንያት እናገራለሁ እንጂ ሕግ ያስጠናኝ ያ ቀን ነው።

ባለፈው ሰሞን ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ አገኘሁት። ከእስጢፋኖስ ገዳም ማዶ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ በስልኬ አየሁት። ሀምዳን፣ አቃቤ ሕጉ የተከሰሰ ዘመድ የለውም። አግቢኝ ነው የሚላት። ከእንግዲህ የምትከራከሪው ከእኔ ጋር ብቻ ነው ይላታል፤ እሷም ትስቃለች። ታፔላውን ነቅሎ ቅርጫት ውስጥ የሚጥለው እሱ ነው። ያኔ ቅርጫቱ ዕቃ ማጓጓዣ መስሎኝ ነበር። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ። እንደገና አየሁት፣ ያው ነው። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ አላረፍኩም። ዝናው የሚባል የአምባሰል ገበሬ ሰው ገድለሃል ተብሎ ደሴ ታስሯል፤ ጠበቃው እኔ ነኝ። የሻንጣውን ወሬ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ሚስቱ ትናንት ቢሮዬ መጥታ፣ ትሄጃለሽ አሉ ብላ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ የባሏን መዝገብ ከፍቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። መዝገቡን ለሌላ ጠበቃ ላስረክብ እችላለሁ፤ ሕጉ አይከለክለኝም። እኔ ግን አልፈልግም። ይህን ቃል ጽፌ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

መጀመሪያ እንዲያ የተረጎምከው እንግሊዝኛው ሳይገባህ ቀርቶ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን ታፔላ ቅርጫት ውስጥ ሲወረወር ለማየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። አይተሃል። እኔ የፊት አግዳሚ ላይ አፌን ከፍቼ መቀመጤንም አይተሃል። ያኔ ለእኔ ብለህ የቀየርከውን መጨረሻ አሁን ለምን ትመልስብኛለህ? ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ሰማያዊ ይሁን ብለህ ቀለሙን የመረጥክለት ታፔላዬ እኮ እስከዛሬ ቢሮዬ በር ላይ ነው።

አብዱልመናንን አልጠላሁትም። ሳይደውል ከዋለ ስልኬን ደጋግሜ አያለሁ፤ የከበደኝም ለዚህ ነው። ቢሆንም ጁምዓ ለት ኒካሁን አትሰር። ሰሚሃ ቢሮዋን አትዘጋም፣ የዝናውን ፍርድ ሳታይም ከሐይቅ አትነቃነቅም፣ ከፈለጋት እዚህ መጥቶ ያግባት በለው። ይከፋዋል ብለህ እንዳታለሳልሰው። አፍህን አውቀዋለሁ። ይህን አትተርጉመው፤ እንዳልኩት ንገረው።

እማ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ደብዳቤውን ግን አላየችውም፤ የእሷን ቁጣ እኔ እችለዋለሁ። ኢቲሳም ሰላም ብላሃለች፤ አልጋዬን እንደማስመልሳት ገና አልነገርኳትም። ጁማ አሁን የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል፤ ያ አፈኛ ደህና ነው ወይ እያለ ይጠይቅሃል። አብረውህ የሚኖሩትን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ።

አብዱልመናንንም ሰላም በልልኝ። ይቺን እንኳ እንደፈለግክ አሳምረህ ተርጉማት።

እህትህ ሰሚሃ
ሐይቅ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.