የሣህሌ ካርቶን በሳጉሬ መንገድ

አሰላ፣ ጥር 1973

ሣህሌ ወንድሜ፣

«እኔ እያለሁ አንድም ጠርሙስ አይሰበርም!» ሲሉ ሰማኋቸው፣ የአሰላዋን ንብረት ያዥ ወይዘሮ አፀደን። አንተ ለጠርሙስ ማጓጓዣ በሠራኸው ካርቶን ላይ ያላቸው እምነት ደስ አለኝ።

እሳቸው ያሸጓቸውን ካርቶኖች በእንጨት ርብራብ ፓሌት ላይ ደርድረን፣ በገመድ ጠፍረን፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና ሳጉሬ ደርሰን ተመለስን። ሾፌሩ ከዲሮ፣ ፈተና ነው ስላልኩት፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ጋሼ፣ ይቺንም እንቅመሳት?» እያለ አንዲትም አልቀረችው። ከእንግዲህ የአዲስ አበባን መንገድ ብታማ አልሰማህም።

የእኔ ወገብ ወደቀ፤ ያንተ ካርቶን አለፈ። እድገትህ በዚሁ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ወዲያው «ካርቶኑ ፈተናውን አለፈ» ብዬ ለአለቃችን ቴሌግራም መታሁ።

ቦታ አለቀብኝ። ተሻለችን ሳምልኝ፤ ለእናትህ ቅቤ ይዣለሁ።

ያንተው ገብረወልድ

ጀርባው ላይ ልጨምር፦ ካርቶኖቹን አሁን ከፈትናቸው። ውስጣቸው ያለው ስንዴ ነው፤ ጠርሙሶቹን ወይዘሮ አፀደ እንዳይሰበሩ ብለው መጋዘን አስቀርተዋቸዋል።