በቅጥሩ ላይ ያለው የማልት ዛፍ

ይህን የምትጽፈው የልጄ ሚስት ኔስታ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የወንድምሽ የቱዱር ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም።

እኅቴ ማልት ሆይ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባልሽ አይቨር፣ ልጆችሽ፣ በጎቻችሁስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ጆሮዬ ቢደክምም አጥሬን የምጠግነው ራሴ ነኝ። ካንቺ ደብዳቤ ከመጣ ግን ከረመ።

ወደ ወሬው ልግባ። በማሳችን መካከል የሚያልፈውን የጥንቱን ንጉሥ የኦፋን የአፈር ቅጥር መንግሥት በሕግ ያዘው። አፈሩን መቆፈርም፣ ጉድባውን መሙላትም ክልክል ሆነ። ጎረቤታችን ኢቴል፣ «ያ የእንግሊዝ ንጉሥ እኛን ዌልሾቹን ሊያግድ ቆለለው፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቹ መጥተው ጠብቁልን ይላሉ! ደሞዝህን ጠይቅ እንጂ ቱዱር» ብሎ ሳቀብኝ። «አንተ ምን አገባህ፣ ያንተን ድርሻ ነፋስ ወስዶታል» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቶቻችን ልጅ በተወለደ ቁጥር ቅጥሩ ላይ የባሉጥ ዛፍ ሲተክሉ፣ ሥሩ አፈሩን ያስርልናል ብለው ነበር። ተሳስተዋል። በበረዶው ወራት ነፋስ የኢቴልን ዛፍ ሲጥለው ሥሩ የቅጥሩን አፈር ገንጥሎ ወሰደው፤ ጋሪ የሚያስገባ ጉድጓድ ቀረ።

አሁን ያንቺ ዛፍ አዘንብሏል። የመንግሥት ሰው መጥቶ አየውና፣ «ግንዱ ይቆረጥ፣ ሥሩ አይነካ» አለኝ። ልክ ነው። ነገር ግን እናታችን አንቺ መርከብ በተሳፈርሽ ማግስት፣ ማልት በሕይወት እስካለች መጥረቢያ እንዳይነካው ብላ አስምላኛለች። ስለዚህ፣ «እኅቴን ሳልጠይቅ አይሆንም» አልኩት። የት እንዳለሽ ጠየቀኝ፤ ባሕር ማዶ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ፓታጎንያ አልኩት። «ታዲያ መልሷ እስኪደርስዎ ነፋሱ ይጠብቃል?» አለኝ። «እኔ እጠብቃለሁ» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

እንግዲህ ቁረጥ በይኝ። ዝም ብትይ ግን አልቆርጠውም፤ ሞታለች ብዬም አልቆርጠውም። ቅጥሩ ቢቀደድ ይቀደድ።

ለአይቨር ሰላም በይልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ለአንጋራድ፣ ላላየኋቸው ታናናሾቿም እንዲሁ። ልጄ ሜይሪግ እጅ ይነሳሻል፤ የምትጽፈው ኔስታም ትስምሻለች።

ናይተን አጠገብ፣ ዌልስ፣ ጥቅምት 1936።

በይ ኔስታ፣ አሁን አንብቢልኝ። ልመና የሚመስል ቃል ካስገባሽ ሰርዢው። «ቁረጥ በይኝ» የሚለውን ግን ተይው።