ሰማያዊው በር

ኅዳር 12 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት

ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ብርዱ እንዳያገኝሽ አደራ። እኛ ደህና ነን። «ደህና» ስልሽ ደግሞ እንደ አክስትሽ «ምን ደብቀሽ ነው?» እንዳትይኝ፤ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

ጥግ ላይ ተቀምጬ ሥዕል የምጠብቅበት ጋለሪ ውስጡ ታድሷል። ድሮ ጎብኚው ሁሉ ሥዕሉን ትቶ «እትዬ፣ መውጫው በየት ነው?» እያለ እኔን ነበር የሚያየኝ። አሁን እድሳቱን የመራችው ዲዛይነር የየክፍሉን መግቢያ በየራሱ ቀለም አስቀባችው፤ በሚቀጥለው ክፍል ደጃፍ ላይ ደግሞ ሞቅ ያለ መብራት አደረገች። ሰው ሳይነገረው እየተሳበ ይሄዳል። የሚያናግረኝ አጣሁ ብልሽ!

አንድ ቀን አባትሽን ይዤው ሄድኩ። ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት መንገድ የሚጠፋበት ሰውዬ፣ እጄን ለቆ ክፍሉን ሁሉ ዞረና በመውጫው ብቅ አለ። «የት ጠፍተሽ ነው?» ብሎ እኔኑ ተቆጣኝ!

በማግስቱ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሰማያዊ ቀባሁት። ሰመረልኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ማክሰኞ ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የጎረቤታችንን ሰማያዊ በር ከፍቶ ገባልሽ! የቤቱ አባወራ ቁርስ ላይ ነበር፤ «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ ነው» ብሎ አስቀመጠው። ሳቅን። አክስትሽ ግን «ነገ መኪና መንገድ ቢገባስ? ወንድሜን አስታማሚ ያለበት ቤት እናስገባው» ብላ አለቀሰች። አንቺም በስልክ ያልሽኝ ይህንኑ ነው። አልተቀየምኩም፤ ሳስታችሁለት መሆኑ አይጠፋኝም።

ዲዛይነሯን አማከርኳት። «የሚሄድበትን ማሳየት ብቻ አይበቃም፤ የማይሄድበትን ደብቂው» አለችኝ። ለካ የጋለሪው የዕቃ ክፍል በር ከግድግዳው ጋር አንድ ቀለም ስለሆነ ነው ማንም የማያየው! የውጭ በራችንን ከውስጥ በኩል በግድግዳው ቀለም ቀባሁት፣ መታጠቢያ ቤቱ ጋ መብራት ሰቀልኩ። ከዚያ ወዲህ ብቻውን አልወጣም። እኔ ሥራ ስውል አክስትሽ አብራው ትውላለች። እንግዲህ የትም አላስገባውም፤ ቤቱ ነው።

የቀረው ያንቺ ክፍል ነው። በሩን ከፍቶ ይቆምና «የማን ነው?» ይለኛል። «የልጅህ» እለዋለሁ። «ምን ትመስላለች?» ይላል። «አንተን» ስለው ደስ ይለዋል።

በሩን ምን ልቀባው? በስልክ ግን እንዳትነግሪኝ፤ ቀለም በዓይን ታይቶ ነው የሚመረጠው።

የረገጥሽው ይለምልም፣ የሚወድሽ አይጥፋ።

እናትሽ