የትምህርት ቤቶቻችን በዓል

ለእታለም ኦርታንስ፣ የሞንትሪያል ብርድ ሳይጠናብሽ ደብዳቤዬ በጤና ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

ብራሰልስ ገበያው ደርቷል፤ የአይብ ሱቄም ደንበኛ አላጣም። እኛ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የራሳችን ምክር ቤትና የራሳችን የትምህርት ሚኒስትር እያለን የሚያሰጋን የለም። ደች ተናጋሪው ጎረቤቴ ዮስ ይህን ስነግረው፣ "እኛስ የለንም እንዴ፣ ጌታው!" ብሎ ይስቃል።

ትናንት የእኛ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሆነው የማኅበረሰባችን በዓል ስለነበር ትምህርት ቤቶቻችን ተዘግተው ዋሉ። እንደ ልማዴ የልጅ ልጄን ክሌማንስን ምሳ ላበላት ሱቄን ዘግቼ ጠበቅኋት። ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን አዝላ መጣች።

"የት ቀረሽ?"

"አያቴ ደግሞ! እኛ እኮ ትምህርት ነበረን። በዓሉ የእናንተ ነው።"

ለካ ልጄ ቤኑዋ ዘንድሮ ደች ትምህርት ቤት እንዳስገባት ረስቼዋለሁ። ደግ አደረገ፤ ሁለት ቋንቋ ነጋዴን አይጎዳም። ወዲያው ሱቁን መልሰን ከፈትንና ሽርጥ አጥልቃ ለዮስና ለሚስቱ በቋንቋቸው አይብ ሸጠችላቸው። የሆነ ቀልድ ጣል አድርጋ በሳቅ ገደለቻቸው። ባይገባኝም አብሬ ሳቅሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፊላት፤ በእኛው ቋንቋ፣ ረዘም አድርገሽ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

ወንድምሽ ጊስላን