ሞት በቤታችን የሰነበተበት ዘመን

ውድ ባለቤቴ ናንቴዛ ሆይ፤

በወረርሽኙ ምክንያት መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ከጥቂት ዘመዶችሽ በቀር ለቀስተኛ ሳይከተልሽ፣ በአባትሽ የሙዝ ተክል መካከል ካሳረፍንሽ እነሆ ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔም፣ እርጅና ብርሃኑን በቀነሰው ዓይኔ፣ አንቺ ለእኔ ስትዪ በተማርሽው በአማርኛዬ፣ በሀገርሽ ዋና ከተማ፣ በካንሳንጋ ሰፈር ካለው ቤታችን ይህን እጽፍልሻለሁ።

በሀገርሽ ሥርዓት፣ ዘመድ ተሰብስቦ በሟች ስፍራ የሚቆም ወራሽ እስኪሾም ድረስ ሞት ከቤት አይወጣም፤ መሰብሰብም ተከልክሎ ነበርና ሞት ከእኔ ጋር ከረመ። ቦዳ የምትሏቸው የኪራይ ሞተር ብስክሌቶች ከጎዳናው በጠፉበት፣ ጎረቤቶቻችን የጅማ ነጋዴዎች ሱቃቸውን በዘጉበት በዚያ ጭር ያለ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ፣ ከቆለፍሁት የሥራ ክፍልሽ ውስጥ የስፌት መኪናሽ በእግር ሲረገጥ እሰማ ነበር፤ መጀመሪያ ፈራሁ፤ ኋላ ግን ድምፁ የዘገየ እንደ ሆነ ወንበሬን ወደ በሩ አስጠግቼ የምጠብቅ ሆንሁ።

ቀድሞስ ያገናኘን ይኸው ድምፅ አልነበረምን? እንግሊዞች ከሀገርሽ ሊወጡ ወራት ሲቀራቸው፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ናይሮቢ ሊያልፍ ያሰበ የወሎ ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ የአዲሱን ባንዲራ ስፌት በተረከበው የናካሴሮ ሱቅ ከጎንሽ ተቀመጥሁ። በባንዲራው መካከል የሚሰፋውን ባለ ዘውድ ወፍ፣ ፊቱ ወደ ምሰሶው መሆን ሲገባው፣ ጅራቱን ወደ ምሰሶው አድርጌ ብሰፋው፣ «ወፍህ አንተኑ መስሏል፤ ነጻነት ሳይመጣ ሊሸሽ ነው!» ብለሽ ሳቅሽብኝ፤ ባለሱቁም ከደንበኛው ፊቱን ሳይመልስ ክሩን ተርትረሽ፣ አቃንተሽ ሰፋሽልኝ። አሮጌው ባንዲራ ወርዶ አዲሱ በተሰቀለ ማግስት ልሄድ ብዬ ሻንጣዬን ከፍቼ ተቀመጥሁ፤ መዝጋቱ ግን አልሆነልኝም፤ እነሆ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እገዳው ሲነሣ ወንድምሽ ይደውልልኝ ጀመር፤ እኔም አንድ ጊዜ ጉልበቴን፣ አንድ ጊዜ ዝናቡን ሰበብ አደረግሁ። «አማቼ፣ ሞትን ያለ ኪራይ እስከ መቼ ታኖረዋለህ?» ቢለኝ ሳቅሁ እንጂ፣ ሞት ሲወጣ አንቺንም እጅሽን ይዞ ይወጣል ብዬ መስጋቴን አልነገርሁትም።

በመጨረሻ እሺ አልሁ። ለወራሽነት የተመረጠችው፣ በገጠር ያደገችውና የሥራ ክፍልሽን ደጃፍ ረግጣ የማታውቀው የወንድምሽ ልጅ፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ልብስ በትከሻዋ ላይ ቋጥራ፣ የወራሽነቱን ምልክት ቢላዋ ይዛ በራችን ላይ ቆመች፤ ጠጉራቸው የሸበተ ልጆቻችንም በየተራ እየቀረቡ «እማዬ» አሏት። ተራው የእኔ በሆነ ጊዜ፣ እስከዚያ መሬት መሬት ስታይ የነበረችው ልጅ ቀና ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ወፉ ዛሬም ሊሸሽ ነው?» አለችኝ።

ምናልባት በልጅነቷ አጫውተሻት ይሆናል፤ አልጠየቅኋትም፤ ወደፊትም አልጠይቃትም። «አይሸሽም» አልኋትና የክፍልሽን ቁልፍ በመዳፏ ላይ አኖርሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናሽ ዝም አለ፤ ሞትም ወጥቷል መሰለኝ፣ ቤቱ ሰፋብኝ። ልጆቻችን ከእኛ ጋር ኑር ቢሉኝም እንቢ አልሁ፤ በአባትሽ የሙዝ ተክል ውስጥ ከጎንሽ ያለውን ቦታ ለእኔ እንዲተዉልኝም ወንድምሽን ለምኛለሁ። እስከዚያው ድረስ፣ ወራሽሽ ክፍት አድርጋ በተወችልኝ ክፍል ከሰዓት በኋላ እየገባሁ፣ ጨርቅ በሌለበት መኪናሽን በእግሬ እረግጣለሁ፤ ጉልበቴ እስከ ቻለ ድረስም አላስታጉልም። እግሬን ካነሣሁ በኋላ መንኮራኩሩ ወዲያው አይቆምም፤ ያን ትርፍ ዙር፣ ናንቴዛዬ፣ እጄን ሰብስቤ ለአንቺ እተውልሻለሁ።

ባልሽ