በጭቃ ግድግዳ ላይ የተቀባው የአሰብ ቀለም

ለወንድሜ ለገረሱ ኢቲቻ፣ አሰብ።

እንደምን ከርመሃል? ሰላምታዬ እንደዚህ ክረምት ዝናብ ሳያባራ ይድረስህ። የአሰብ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? ባለቤትህ ፀዳለ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ኢፍቱ ድክ ድክ ማለት ጀመረች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ እኔ እህትህስ በንዴት ጨሻለሁ፤ ብዕር ያነሳሁትም ልቆጣህ ነው።

በግንቦት የእናታችን ቤት ተመርጎ የሚቀባበት ጊዜ ሲደርስ ሾላ ገበያ ወርጄ ባለሱቁን ሀሚድን አማክሬው ነበር። ሁለቱንም አውጥቶ አሳየኝ፤ አንዱ በጣሳ የታሸገ የውጭ አገር የዘይት ቀለም፣ ሌላው በውሃ የሚበጠበጥ ርካሽ ኖራ። «ውዱን ብሸጥልሽ ለእኔ ይሻለኝ ነበር፤ ግን እሱ ለድንጋይ ቤት ነው፣ ለጭቃ ቤት ኖራውን ውሰጂ» አለኝ። ይህንኑ ጻፍኩልህ። አንተ ግን ኖራ የድሃ ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ ወንድይራድ በሰኔ አዲስ አበባ ሲመጣ እናቴን ይጠይቃታልና አታዋርዱኝ ብለህ መለስክ። ሳይውል ሳያድርም ውዱን ቀለም በጭነት መኪና ላክህ።

እንደምታውቀው የሰፈራችን ሴቶች ቤት የሚቀቡት ተረዳድተው፣ በየተራ ነው። የእናታችን ተራ ደርሶ እትዬ የማርያምወርቅና ሌሎቹ ጎረቤቶች ኖራ በጥብጠው ሲመጡ፣ እናታችን ልጄ ከአሰብ ቀለም ልኮልኛል ብላ ከደጅ መለሰቻቸው። የጭቃ ግድግዳ መተንፈስ አለበት፣ በዘይት አይታፈንም ብላ ያስተማረችኝ እኮ እሷው ናት። እያወቀች ዝም አለች፤ የላክኸው አንተ ነህና። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

እንግዳህ ሊደርስ ነው ተብሎ ቀለም ቀቢው ነገሳ ምርጊቱ በወጉ ሳይደርቅ ቀባው። ቤቱ አበራ፤ አልክድህም። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ወንድይራድ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ሐምሌ ሲገባ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የቤቱን ሥር አራሰው። ግድግዳው የጠጣውን ውሃ ቀለሙ መውጫ አሳጣው፤ እንደተቃጠለ ቆዳም ውሃ ቋጠረ። ከላይ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ። በፍልሰታ አንድ ቀን እናታችን ለቅዳሴ እንጦጦ ማርያም ወጥታ ሳለች በመኝታዋ በኩል ያለው ግድግዳ ተንዶ አልጋዋን ቀበረው። ገረሱ፣ አልጋዋን ነው ያልኩህ። ጾሙ ባይሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት ጋደም ትልበት ነበር።

አሁን የምታድረው እትዬ የማርያምወርቅ ቤት ነው፤ ከደጇ የመለሰቻቸው ሴትዮ አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣቸው እጇን ይዘው ወሰዷት። እናታችን ግን የአንተን ባዶ ጣሳዎች አጥባ ጤና አዳም ተክላባቸዋለች፤ ለጠየቃት ሁሉ ልጄ የላከልኝ ነው ትላለች። ስለ ግድግዳው እንዳልጽፍልህ ለምናኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ።

ደግሞ ሌላ ቀለም ልላክ እንዳትለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ዕቃ ስትልክ ኖርክ፤ እሷ ስለ ዕቃ ጠይቃኝ አታውቅም፣ የምትጠይቀኝ መቼ እንደምትመጣ ነው። መስቀል ሲያልፍ አዲስ ማገር ይታሰራል፣ ጭቃ ይቦካል። በቤታችን ጭቃ የሚረግጠው አባታችን ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ተራው የአንተ ነው። ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ና፣ ጫማህን አውልቀህ ግባበት። ኖራውን እኛ ሴቶቹ እንቀባዋለን።

ፀዳለን ሳምልኝ፤ ቁጣዬ ለእሷ አይደለም። ኢፍቱን አክስትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ። ባለቤቴ ቀጀላ ሰላም ይልሃል፤ እሱ ከአንድ ቤት አንድ ተቆጪ ይበቃል ብሎ ዝም ብሏል። እትዬ የማርያምወርቅም እንደምነህ ይሉሃል።

እናታችን አጠገቤ ተቀምጣለች። ቀለሙ አምሯል ብለሽ ጻፊለት ትለኛለች። እንዴት እንዳማረ በዓይኑ ይየው ብላም ከፍርስራሹ አንድ ቅርፊት መርጣ በፖስታው እንድከትልህ ሰጠችኝ። በስተጀርባው የተጣበቀውን ጭቃ ልትጠርገው ስትል ግን ከለከልኳት።

እህትህ ጂቱ ኢቲቻ
የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 20 ቀን 1956 ዓ.ም.